ማዘርቦርዱ ሲቀየር ፈቃዱስ?



  

ባለፈው ወር ከመግሪብ ሶላት በኋላ የመድረሳችንን በር ልዘጋ ስል አንድ የቀድሞ ተማሪዬ መጣ። በአንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ተቀጥሮ በላቡ እናቱን የሚጦር ወጣት ነው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ቁጭ እንዳለ «ኡስታዝ፣ የምበላው እንጀራ ሐላል መሆኑ አጠራጥሮኛል» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ልጆቻቸው የሚያጠኑበትን ኮምፒውተር ይዘው ወደሚሠራበት ቤት ይመጣሉ። መብራት ጠፍቶ በድንገት ሲመለስ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል። ወጣቱ ያገለገለ ሌላ ማዘርቦርድ ፈልጎ ገጠመለት፤ ኮምፒውተሩም ተነሣ። ዊንዶውሱ ግን አክቲቬት እንዲደረግ ጠየቀ። የቤቱ ባለቤት «ምን ያስጨንቅሃል? ክራኩን ጫንበትና ስጣቸው፤ አገሩ ሁሉ የሚሠራው እንዲህ ነው» ሲል አዘዘው። ወጣቱም ጫነ። እናትዬዋ የጥገናውን ዋጋ ከፍለው፣ መርቀውት ሄዱ።

«ኡስታዝ፣ የከበደኝ ምርቃታቸው ነው» አለኝ። «ምን እንደሰጠኋቸው አላወቁም።»

መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት ዓይኔ በግድግዳው ሥር በተደረደሩት በመድረሳችን አምስት ኮምፒውተሮች ላይ ዐረፈ። ቅዳሜና እሑድ ልጆቻችን ጽሕፈት የሚለማመዱባቸው ናቸው። በአምስቱም ላይ ዊንዶውሱን የጫንኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ የጫንኩበትም ፍላሽ የዚያው የጥገና ቤት ዓይነት ፍላሽ ነበር። ጠዋት በዚያ ክፍል ስለ አማና አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ልጆቹን ሳይፈቀድልኝ በወሰድኩት ነገር ላይ አስቀምጣለሁ። ስለዚህ «ቆይ ወንድሜ፣ ነገሩን አብረን እንመርምር» ከማለት በቀር የምናገርበት አፍ አልነበረኝም። የዚህ ወር ዐምዳችን የዚያ ምርመራ ውጤት ነው።

የገዛነው ምንድን ነው?

ሰው «ዊንዶውስ ገዛሁ» ሲል የገዛው ፕሮግራሙን ሳይሆን በፕሮግራሙ የመጠቀም ፈቃድ ነው። ማይክሮሶፍት በውሉ ላይ ሶፍትዌሩ የሚፈቀድ እንጂ የሚሸጥ አለመሆኑን ያሰፍራል። ፊቅህ የቀራ ሰው ይህን ሲሰማ ከሽያጭ ይልቅ ኢጃራ ማለትም ኪራይ ትዝ ይለዋል። ኪታቦቻችን በቅሎ ስለ ተከራየ ሰው በሰፊው ያወሳሉ። እስከ አንድ ቦታ ሊሄድባት ተከራይቶ ከዚያ ያለፈ፣ ወይም ስንዴ ሊጭንባት ተዋውሎ ብረት የጫነባት ሰው ወሰን አልፏልና ተጠያቂ ነው። በቅሎዋ በእጁ ናት፤ በእጁ መሆኗ ግን እንዳሻው እንዲያደርጋት አያስችለውም።

ታዲያ የዊንዶውስ ፈቃድ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሦስቱን ዋና ዋና ዓይነቶች ለይቶ ማወቅ የግድ ነው።

የመጀመሪያው ኦ.ኢ.ኤም. የሚባለው ነው። ኮምፒውተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ወይም በሻጩ ሲገጣጠም አብሮት የሚመጣ ሲሆን ዋጋው ረከስ ይላል። ሸርጡ ግን ጠበቅ ያለ ነው፤ መጀመሪያ ከተጫነበት ኮምፒውተር ጋር ይታሰራል፣ ያ ኮምፒውተር ሲሞት አብሮት ይሞታል።

ሁለተኛው ሪቴይል ይባላል። ለብቻው በሙሉ ዋጋ የሚገዛ ፈቃድ ሲሆን ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። ባለቤቱ ከአሮጌው ኮምፒውተር ላይ አጥፍቶ ወደ አዲሱ ሊያዛውረው ይችላል፤ በአንድ ጊዜ በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ግን ሊጠቀምበት አይችልም።

ሦስተኛው ቮሉም ነው። ይህ ለመሥሪያ ቤቶችና ለትምህርት ተቋማት በስምምነት የሚሰጥ እንጂ ለግለሰብ የሚቸረቸር አይደለም። በኢንተርኔት ገበያ በጣም በረከሰ ዋጋ የሚቀርቡ ብዙ «ኦሪጅናል ቁልፎች» ከዚህ ዓይነቱ ፈቃድ ሾልከው የወጡ ናቸው። ስለዚህ ገንዘብ መክፈላችን ብቻ ባለ ፈቃድ አያደርገንም፤ ያልተፈቀደለትን ሰው ዕቃ በገንዘብ መግዛት ዕቃውን የኛ አያደርገውምና።

በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለውን ልዩነት ለተማሪዬ ያስረዳሁት በሙስሐፍ ነበር። አንደኛው ሙስሐፍ «ለዚህ መስጊድ ወቅፍ» የሚል ጽሑፍ አርፎበታል። ሌላውን ተማሪው በገንዘቡ ገዝቶታል። ውስጣቸው ያለው የአላህ ቃል አንድ ነው። ሆኖም የመጀመሪያውን ከመስጊዱ አውጥቶ ቤቱ ሊያኖረው አይችልም፤ ሁለተኛውን ግን ወደሚሄድበት ሁሉ ይዞት ይሄዳል። ልዩነቱ ያለው ከነገሩ ሳይሆን ከታሰረበት ውል ላይ ነው። ኦ.ኢ.ኤም.ና ሪቴይልም እንዲሁ ናቸው።

የትኛው ዕቃ ሲቀየር?

ብዙ ሰው ራም ጨምሮ ወይም ሐርድ ዲስክ ቀይሮ «ፈቃዴ ፈረሰ ይሆን?» ብሎ ይሠጋል። አልፈረሰም። በኦ.ኢ.ኤም. ፈቃድ ጭምር ራም፣ ሐርድ ዲስክ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ የስክሪን ካርድና ሌሎችንም መቀየርና ማሻሻል ይቻላል። ወሰኑ ማዘርቦርዱ ነው። ማይክሮሶፍት ማዘርቦርድን የኮምፒውተሩ ማንነት መገለጫ አድርጎ ይወስደዋል፤ ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካው እሱ ላይ ነውና። በመሆኑም ለማሻሻል ሲባል ማዘርቦርዱ ከተለወጠ ያ ኮምፒውተር እንደ አዲስ ይቆጠራል፤ አዲስ ፈቃድም ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ማዘርቦርዱ የተለወጠው ለማሻሻል ሳይሆን ተበላሽቶ ከሆነ የኦ.ኢ.ኤም. ፈቃዱ ሊቀጥል ይችላል። ለዚህም አዲሱ ቦርድ ያው ሞዴል፣ ወይም አምራቹ እንደ ምትክ የሚቀበለው መሆን አለበት። የእናትዬዋ ማዘርቦርድ የተቃጠለ መሆኑ እውነት ነው፤ የተገጠመው ግን የሌላ ኩባንያ ስሪት ነበር። ስለዚህ በዚህ በር መግባት አልተቻለም። ወጣቱ መጀመሪያውኑ የዚያኑ ሞዴል ቦርድ ፈልጎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ጠጋኝ ወንድሞቻችን ይህን ነጥብ ልብ ይበሉ፤ ደንበኛ ሳያወጣ የሚድነው ወጪ እዚህ ላይ አለ።

ኮምፒውተሩስ እንዴት ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ጀምሮ አክቲቬሽን የሚባል አሠራር መጣ። ፕሮግራሙ የኮምፒውተሩን ዋና ዋና ክፍሎች ተመልክቶ አንድ መለያ ያዘጋጃል፤ ክፍሎቹ በብዛት ሲለወጡ ዳግም ፈቃድ ይጠይቃል። በዚያን ጊዜ የፈቃዱ ቁልፍ በኮምፒውተሩ ሣጥን ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ይታተም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ትላልቆቹ አምራቾች ቁልፉን በማዘርቦርዱ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ዊንዶውስ 10 ደግሞ ዲጂታል ላይሰንስ የሚባል መጣ፤ ከ2016 ወዲህም ይህን ፈቃድ በማይክሮሶፍት ከተከፈተ አካውንት ጋር ማያያዝ ተቻለ።

ይህ የመጨረሻው ጠቃሚ ነው። ሪቴይል ፈቃድ ያለው ሰው ማዘርቦርዱን ከመቀየሩ በፊት ፈቃዱን ከአካውንቱ ጋር ካያያዘ፣ ከቀየረ በኋላ በአክቲቬሽን ገጽ ላይ ያለውን የችግር መፍቻ ከፍቶ በቅርቡ ሃርድዌር መቀየሩን በመግለጽ ፈቃዱን ወደ አዲሱ አካል ማሻገር ይችላል። ከተቃጠለ በኋላ ግን ማያያዝ አይቻልምና ዛሬውኑ ማድረጉ ይመረጣል።

ዲናችንስ ምን ይላል?

እኔ መምህር እንጂ ሙፍቲ አይደለሁም። ዑለማእ ያሉትን ግን ማስታወስ እችላለሁ።

የማኢዳ ምዕራፍ የሚከፈተው ምእመናን ውሎቻቸውን እንዲሞሉ በማዘዝ ነው። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስም ሙስሊሞች በገቧቸው ሸርጦች ላይ እንዲጸኑ ተነግሯል፤ ሐላልን ሐራም ወይም ሐራምን ሐላል የሚያደርግ ሸርጥ ሲቀር። በሸርጥ ዝርዝር መዝሀቦች ይለያያሉ። ሻፊዒዮችና ሐነፊዮች በሽያጭ ላይ የሚታከልን ሸርጥ በጥብቅ ይመረምራሉ፤ ሐንበሊዮች፣ በተለይም ኢብኑ ተይሚያ፣ በሩን ሰፋ አድርገውታል። ስለ ደራሲና ስለ ፈጣሪ መብት ደግሞ ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 ኩዌት ላይ ባደረገው አምስተኛ ስብሰባው በውሳኔ ቁጥር 43 የድርሰት፣ የፈጠራና የንግድ ስም መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ መሆናቸውንና መድፈራቸው እንደማይፈቀድ አስታውቋል። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል አስገብቶታል።

በሌላ በኩል ኩባንያ የጻፈው ሸርጥ ሁሉ በየትኛውም አገር ይጸናል ማለት አይደለም። የጀርመን የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 የኦ.ኢ.ኤም. ቅጂ ያለ ኮምፒውተር ለብቻው ተመልሶ እንዳይሸጥ ማይክሮሶፍት በቅጂ መብት ሊከለክል እንደማይችል ወስኗል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2012 ያገለገለ የሶፍትዌር ፈቃድ ሻጩ የራሱን ቅጂ ካጠፋ ሊሸጥ እንደሚችል ፈርዷል። በእነዚያ አገሮች የምትኖሩ ወገኖቻችን የአገሩን ሕግ ጠይቁ። ሆኖም ሸርጡን በፍርድ ቤት መሞገት ሌላ፣ በክራክ ሰብሮ መግባት ሌላ ነው። ያ በበር ነው፤ ይህ በመስኮት ነው።

የሚነሡ ምክንያቶች

ጉዳዩን ለመስጊዳችን ኮሚቴ ሳቀርብ ሦስት ምክንያቶች ተነሡ። የሦስቱም ባለቤቶች የማከብራቸው ሰዎች ናቸው።

አንደኛው «ኩባንያው ሀብታም ነው፤ የእኛ አምስት ኮምፒውተር ምን ይጎዳዋል? ባለቤቶቹም ሙስሊሞች አይደሉም» የሚል ነበር። ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ.) ከመካ ሲሰደዱ ቁረይሾች ሊገድሏቸው እየመከሩ ነበር። የእነዚያው ሰዎች ንብረት ግን በአደራ እርሳቸው ዘንድ ተቀምጦ ነበርና ለባለቤቶቹ እንዲመልስ ዐሊይን (ረ.ዐ.) በመካ አስቀሩት። አማና የባለቤቱን ሃይማኖትም ሀብትም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ያዡን ነው።

ሁለተኛው «ችግረኞች ነን፤ ዶሩራ ነው» የሚል ነበር። አዎን፣ ለግል ትምህርት በሚደረግ ቅጂ ላይ ለዘብ ያለ አስተያየት የሰጡ ዑለማእ አሉ፤ ለንግድ ሲሆን ግን እነሱም አልፈቀዱም። የጥገና ቤቱ ጉዳይ ንግድ ነው። የመድረሳችንም ጉዳይ ቢሆን ዶሩራ የሚባለው ሌላ መንገድ ሲጠፋ ነው፤ ሌላ መንገድ መኖሩን ደግሞ ከዚህ በታች እናያለን።

ሦስተኛው «አክቲቬት ሳይሆንም እኮ ይሠራል፤ እንዲሁ እንተወው» የሚል ነበር። ይሠራል፤ በስክሪኑ ጥግ ማሳሰቢያ ከማሳየቱና ጥቂት ነገሮችን ከመከልከሉ በስተቀር። ውሉ ግን የመጠቀም መብትን የሚሰጠው ተገቢ ፈቃድ ይዞ አክቲቬት ላደረገ ሰው ነው። በር ሳይቆለፍ መገኘቱ «ግቡ» ማለት አይደለም።

ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ያለንን እንወቅ። በዊንዶውስ 11 «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ሲስተም»፣ ከዚያ «አክቲቬሽን» የሚለውን መክፈት ነው። ዓይነቱን ለማወቅ ደግሞ ኮማንድ ፕሮምፕት በሚባለው ጥቁር መስኮት ላይ ኤስ፣ ኤል፣ ኤም፣ ጂ፣ አር የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት አያይዞ መጻፍ፣ ክፍተት መተው፣ ከዚያም ስላሽ አስቀድሞ ዲ፣ ኤል፣ አይ ብሎ መጻፍ ነው። መልሱ ላይ ኦ.ኢ.ኤም.፣ ሪቴይል ወይም ቮሉም የሚል ይነበባል። ከመሥሪያ ቤት ያልመጣ የቤት ኮምፒውተር «ቮሉም» ካለ ክራክ መሆኑ በእጅጉ ያጠራጥራል፤ እንዲህ ዓይነቶቹ ክራኮች በየ180 ቀኑ መታደስ ያለበትን የመሥሪያ ቤት አሠራር አስመስለው የሚሠሩ ናቸውና። «ሪቴይል» ማለቱም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ክራክ እንዲህ ሊያስብለው ይችላል። እውነተኛው ማስረጃ የግዢ ደረሰኝ ነው።

እኛ አምስቱን ስንመረምር ያላሰብነው ነገር ገጠመን። ሁለቱ በስጦታ የመጡ የታወቀ ኩባንያ ስሪቶች ነበሩ፤ የዊንዶውስ 10 ሆም ቁልፋቸውም በማዘርቦርዳቸው ውስጥ ተቀምጧል። እኔ ግን ፕሮ የሚባለውን ዓይነት በክራክ ጭኜባቸው ኖሬአለሁ! ትክክለኛውን ዓይነት እንደገና ስንጭን ኢንተርኔት እንዳገኙ ራሳቸው አክቲቬት ሆኑ። ሐላሉ በቤት ተቀምጦ ሐራሙን ከውጭ አስገብቼ ነበር ማለት ነው። የስንቶቻችን ኮምፒውተር እንዲህ ይሆን?

ሦስቱ ግን በሰው እጅ የተገጣጠሙ ናቸው፤ ፈቃድ የላቸውም። ለሦስቱ መግዣ አቅም ስላልነበረን ሊኑክስ ጫንባቸው። ሊኑክስ የፊንላንዱ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሲሆን ጂ.ፒ.ኤል. በሚባለው ፈቃድ ይሰራጫል። ይህ ፈቃድ ማንም እንዲጠቀም፣ እንዲያባዛና እንዲያሻሽል ይፈቅዳል። ሸርጥ የለውም ማለት ግን አይደለም፤ አሻሽሎ ለሌላ የሚያሰራጭ ሰው ኮዱንም በዚያው ፈቃድ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ማዘርቦርዱ አሥር ጊዜ ቢቀየር ግን የሚጠይቅ የለም። ሊብር ኦፊስ የሚባል የጽሕፈትና የሒሳብ ፕሮግራም አለው፤ አማርኛም ይጻፍበታል። በዊንዶውስ ብቻ የሚሠሩ ፕሮግራሞች አይሠሩበትምና ለሁሉም ሥራ ይሆናል አልልም። ለልጆቻችን ትምህርት ግን በቅቷል።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር ልጨምር። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ተቋርጧል። ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ያለው ኮምፒውተር አካሉ ብቁ ከሆነ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ወደ ዊንዶውስ 11 ይሸጋገራል። ብቁ ለመሆን ግን ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል፣ አዲስ ዘመን ፕሮሰሰር፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ብዙ ቤተሰቦች በቅርቡ «ማዘርቦርድ ልቀይር ወይስ አዲስ ልግዛ?» ማለታቸው አይቀርም። ለማሻሻል የሚቀየር ማዘርቦርድ የኦ.ኢ.ኤም. ፈቃድን ስለሚያስቀር፣ ሒሳቡ ሲሠራ የፈቃዱም ዋጋ አብሮ ይታሰብ።

ወደ ወጣቱ እንመለስ

ተማሪዬ በማግሥቱ እናትዬዋ ቤት ሄዶ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። «እማማ፣ ያለ ፈቃድ የሰጠሁዎት ነገር አለ» ብሎ ሁለቱን መንገድ፣ ፈቃድ መግዛትን ወይም ሊኑክስን፣ አስረዳቸው። እሳቸውም «የኔ ልጆች በተሰረቀ ነገር ተምረው ምን ሊሆኑልኝ? የማያስከፍለውን አድርግልኝ» አሉት። ያለ ክፍያ ሠራላቸው።

አሠሪው ግን ተቆጣ። «ሱቄን ልትዘጋ ነው» አለው። ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ ወጣቱ ከራሱ እጅ ክራክ እንዳይጭን፣ ለደንበኛው ሁሉ አማራጩን በግልጽ እንዲናገር ተስማሙ፤ ሥራ ከቀነሰ ግን ከደሞዙ እንደሚነካ ተነግሮታል። ይህን ሳጽፍ ገና እዚያው ነው። አላህ ያግዘው! እናንተም ኮምፒውተር ስታሠሩ እንዲህ ያለ ወጣት «ይህኛው ፈቃድ የለውም» ቢላችሁ ከጎኑ ያለው በነፃ ይጭናል ብላችሁ ጥላችሁት አትሂዱ። ያ ወጣት በሐቁ እንዲጸና ወይም እንዲሰበር የምናደርገው እኛ ደንበኞቹ ነን።

የመድረሳችን ልጆችም ቅዳሜ መጥተው ስክሪኑ ተለውጦ ሲያዩ «ኡስታዝ፣ ለምን ተቀየረ?» ብለው ጠየቁኝ። «የበፊቱን ያለ ፈቃድ ነበር የጫንኩት፤ ተሳስቼ ነበር» አልኳቸው። አንዷ ሕፃን ጥቂት አሰበችና «ታዲያ አሁን የኛ ነው?» አለችኝ። «አዎን፣ አሁን በፈቃድ ነው» አልኳት። ወደ ጽሕፈቷ ተመለሰች።

አላህ (ሱ.ወ.) ሲሳያችንን ሐላል፣ እጃችንን ንጹሕ፣ ቃላችንን የታመነ ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።